የባዶ እጅ ዕዳ፤ «መነኩሴው» በምናብ ጨዋታዎች ሚዛን ላይ

ገበጣ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ጨዋታቸውን ከመጀመራቸው በፊት በየጉድጓዱ ያለውን ጠጠር ይቆጥራሉ። በአንደኛው ወገን አንዲት ጠጠር ጎድላ ብትገኝ እርሷ እስክትሟላ ድረስ ጨዋታው አይጀመርም። ይህ ልማድ ተራ ነገር ይምሰል እንጂ የጨዋታ ሁሉ መሠረት ነው። ሰው ሊሸነፍ እንደሚችል እያወቀ ወደ ጨዋታ ይቀርባል፤ ጠጠሩ ጎድሎበት ለመቀመጥ ግን ማንም አይቀርብም።

ጠጠራቸው በቀላሉ የማይቆጠር ጨዋታዎችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ብለው ያሳተሙት የምናብ ጨዋታ ነው። ጥቂት ወዳጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ የጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በትረካው ውስጥ ይገባሉ፤ የሞከሩት ነገር መሳካቱን ወይም መክሸፉን ዳይስ ይወስነዋል። ገጸ ባሕርያቱ በመደብ ይከፈላሉ። ተዋጊ አለ፣ አስማተኛ አለ፣ ካህን አለ፣ ቁልፍ ሰርሳሪ ሌባም አለ። ከመደቦቹ መካከል አንዱ ደግሞ «መነኩሴ» ይባላል።

ይህ መደብ ከተወለደበት ከ1975 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ጠጠሩ ሲጎድልበት ኖሯል። ብዙዎች ጉድለቱን የቁጥር ስሕተት አድርገው ያዩታል፤ እዚህ አንድ ነጥብ ቢጨመር፣ እዚያ አንድ ዳይስ ቢቀየር ይስተካከላል ይላሉ። ነገሩ ግን ከቁጥር ይልቃል። መነኩሴው የተበደለው የደንቡ ጸሐፊዎች መተውን እንደ ብድር ስለቆጠሩት ነው። ጥሩሩን ስለተወ ከፈለ፤ ሰይፉን ስለተወ ከፈለ፤ በምትኩ የተሰጠውን ጥቂት ነገር ለመጠቀምም እንደገና ከፈለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው።

ስሙና ሰውየው

የአማርኛ አንባቢ «መነኩሴ» ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት ቆብ የደፋ፣ መቋሚያ የያዘ፣ በጾምና በጸሎት የተጠመደ ገዳማዊ ነው። የጨዋታው መነኩሴ ግን ከደብረ ዳሞም ሆነ ከደብረ ሊባኖስ አልወጣም፤ የአውሮፓ ገዳማትም አላሳደጉትም። አባቱ በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር፣ በሶንግ ተራራ የሚገኘውና በትውፊት በ495 እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የሻኦሊን ገዳም ነው። እናቱ ደግሞ ሲኒማ ናት። ከ1972 እስከ 1975 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው «ኩንግ ፉ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማና በ1973 የወጣው የብሩስ ሊ ፊልም «ኤንተር ዘ ድራገን» የዚያን ዘመን ወጣት በሙሉ በባዶ እጅ ፍልሚያ አስክረውት ነበር። መደቡም የተወለደው በዚሁ ወቅት ነው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሻኦሊን መነኮሳት በታሪክ ሲታወቁ በባዶ እጃቸው ብቻ አልነበረም። በ621 ኋላ የታንግ ንጉሠ ነገሥት የሆነውን ሊ ሺሚንን በጦርነት ረድተው ስማቸው በገዳሙ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል፤ በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ስለ እነርሱ የጻፉ የጦር ሰዎችም ከሁሉ አብልጠው ያደነቁት የዱላ ፍልሚያቸውን ነው። የባዶ እጅ ዝናቸው የገነነው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ረገድ መቋሚያ የያዘው የአማርኛ አንባቢ መነኩሴ ከፊልሙ ጀግና ይልቅ ለታሪኩ ሳይቀርብ አይቀርም።

ይህ የታሪክ ማስተካከያ ለጌጥ የቀረበ አይደለም። ባዶ እጅ የታሪክ ግዴታ ካልነበረ የደንብ ጸሐፊዎች ምርጫ ነበር ማለት ነው። ሌሎች መደቦች ሁሉ የሚታጠቁትን ከአንዱ ላይ በፈቃዱ የገፈፈ ደግሞ የተገፈፈውን የመተካት ኃላፊነት አለበት። ጸሐፊዎቹ የመጀመሪያውን አደረጉ፤ ሁለተኛውን ግን ለረጅም ጊዜ አላደረጉም።

ሲሮጡ የታጠቁት

መነኩሴው መጀመሪያ የታየው በ1975 በወጣው «ብላክሙር» በተሰኘ ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። በ1978 በታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ደግሞ ሙሉ መደብ ሆኖ ገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና የዚያ ዘመን ደንብ በሁለት በኩል ይጎትት ነበር።

በአንድ በኩል መነኩሴ ለመሆን የሚጠየቀው ብዙ ነበር፤ በጉልበት 15፣ በጥበብ 15፣ በቅልጥፍና 15፣ በጽናት 11። እነዚህ ቁጥሮች እንደ ጥንቱ ሥርዓት ሦስት ባለስድስት ገጽ ዳይስ በተራ እየተጣሉ ቢወሰኑ፣ ከ2,500 ያህል ሰዎች አንዱ ብቻ ነው አራቱንም የሚያሟላው። በ1979 የወጣው የጨዋታ መሪ መጽሐፍ ለጋስ የሆኑ ሌሎች አጣጣሎችንም ፈቅዷል፤ የሆነው ሆኖ መነኩሴነት ለዕድለኛ ብቻ የሚከፈት በር ሆኖ ቀረ።

በሌላ በኩል በሩን ያለፈ ሰው የሚያገኘው ምን ነበር? የሕይወት ነጥቡ በባለአራት ገጽ ዳይስ ይቆጠራል። አምስተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ በአማካይ 15 ነጥብ ይኖረዋል፤ ጎኑ የቆመው ተዋጊ በባለአሥር ገጽ ዳይሱ ከ27 በላይ ይይዛል። በመጀመሪያው ደረጃ መከላከያው ምንም ካልለበሰ መንገደኛ አይበልጥም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፤ ከፍ ያለ ጉልበትና ከፍ ያለ ቅልጥፍና እንዲኖረው ግዴታ ተጥሎበት ሳለ፣ ጉልበት ለሌሎች የሚሰጠውን የምት ጭማሪ፣ ቅልጥፍና ለሌሎች የሚሰጠውን የመከላከያ ጭማሪ ደንቡ ይከለክለው ነበር። መግቢያ ተከፍሎበት የማይበላበት ግብዣ ማለት ይህ ነው።

እነዚያን የመጀመሪያ ደረጃዎች በሕይወት ያለፈ መነኩሴ ግን አስፈሪ ይሆናል። ከፍ ካለ ደረጃ በኋላም ዕድገቱ በልምድ ብቻ አይገኝም፤ ማዕረጉን የያዘውን ሌላ መነኩሴ ፈልጎ በባዶ እጅ መርታት አለበት። ጥቂት ሰዎች ይህን «ሚዛን» ይሉታል፤ መጀመሪያ ደካማ፣ በኋላ ኃያል። ነገር ግን ዛሬ የተራበን ሰው የዛሬ ሁለት ዓመት ትጠግባለህ ብሎ ማጽናናት ሚዛን አይባልም። በ1989 ሁለተኛው እትም ሲወጣ ጸሐፊዎቹ ችግሩን በአጭሩ ገላገሉት፤ መነኩሴውን ከዋናው የተጫዋቾች መጽሐፍ አወጡት። በሽታውን ማከም ሲያቅት በሽተኛውን ማባረር እንደ ማለት ነው።

የሮጠ እግርና የታሰረ እጅ

በ2000 ሦስተኛው እትም በሞንቲ ኩክ፣ በጆናታን ትዊት እና በስኪፕ ዊልያምስ ተዘጋጅቶ ሲወጣ መነኩሴው ተመለሰ። በ2003 የታረመው እትም ደግሞ ለረጅም ጊዜ የብዙ ጠረጴዛዎች ደንብ ሆነ። የመደቡ በደል ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየውም በዚህ እትም ላይ ነው፤ ምክንያቱም መጽሐፉ መነኩሴውን በቃል ሲያወድስ በቁጥር ሲከዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁለት ነገሮች የመደቡ መለያ ተደርገው ቀረቡ። አንደኛው ፍጥነት ነው፤ ተራ ሰው በአንድ ተራ 30 ጫማ ሲሄድ መነኩሴው በአሥራ ስምንተኛው ደረጃ 90 ጫማ ይሄዳል። ሁለተኛው የቡጢ ውርጅብኝ ነው፤ በአንድ ተራ ከሌሎች ይልቅ ደጋግሞ ይመታል። ደንቡን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ግን ሁለቱ ስጦታዎች አንድ ላይ እንደማይሠሩ ይደርስበታል። ውርጅብኙን ለማውረድ ሙሉ ተራው ይጠየቃል፤ ሙሉ ተራውን የሰጠ ደግሞ ከ5 ጫማ በላይ አይንቀሳቀስም። ሮጦ የደረሰ መነኩሴ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል፤ ደጋግሞ የሚመታ መነኩሴ ከቆመበት አይነቃነቅም። እግሩ ሲሮጥ እጁ ይታሰራል፤ እጁ ሲፈታ እግሩ ይታሰራል። ከሁለት ያጣ ጎመን የሚባለው ይህን የመሰለ ነው።

ተዋጊውም እኮ ሮጦ ከደረሰ አንድ ጊዜ ነው የሚመታው ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ተዋጊው ግን ፈጣን ነህ ተብሎ አልተሸጠም። ደግሞም ያ አንድ ምቱ ይከብዳል፤ በሃያኛው ደረጃ የማጥቃት ብቃቱ 20 ሲሆን የመነኩሴው 15 ነው። ተዋጊው በዋነኛነት በጉልበትና በጽናት ሲቆም፣ መነኩሴው ለመምታት ጉልበት፣ ለመከላከል ቅልጥፍናና ጥበብ፣ ለመቆየት ጽናት ያስፈልገዋል። ተጫዋቹ ያለችውን ጥቂት ነጥብ በአራት ጉድጓድ ሲበትናት አንዱም ጉድጓድ አይሞላም።

ስጦታዎቹ ብዙ ናቸው የሚለው መከራከሪያም እዚሁ ይመዘን። መነኩሴው በግድግዳ አጠገብ ሲወድቅ ውድቀቱን የማለዘብ ችሎታ አለው፤ ከማንኛውም ከፍታ ወድቆ ሳይጎዳ የሚያርፈው ግን በሃያኛው ደረጃ ነው። አስማተኛው ውድቀትን እንደ ላባ የሚያቀልለውን ድግምት በመጀመሪያው ደረጃ ይማራል፤ ግድግዳም አይሻም። መነኩሴው በአሥራ ሁለተኛው ደረጃ በቀን አንድ ጊዜ ከአንድ ስፍራ ተሰውሮ በሌላ ስፍራ ይገለጣል፤ አስማተኛው ይህንኑ በሰባተኛው ደረጃ ያገኘዋል። ስጦታው ብዙ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ጠግቦ ከተነሣበት ማዕድ የተረፈ መሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስት እጥፍ

ከሁሉ የከፋው በገንዘቡ በኩል ያለው ነው። በዚያ እትም የገጸ ባሕርያት ኃይል ከመደባቸው ብቻ አይመነጭም፤ ከሚገዙትና ከሚያገኙት አስማታዊ ዕቃም ይመነጫል። የጨዋታ መሪው መጽሐፍ ለየደረጃው ሊኖር የሚገባውን ሀብት በሰንጠረዥ አስፍሯል፤ ሃያኛ ደረጃ የደረሰ ሰው 760,000 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ ንብረት ይኖረዋል ተብሎ ይታሰባል። ጭራቆቹም የተመጠኑት ይህን ያህል የታጠቀ ሰው ይገጥማቸዋል ተብሎ ነው። እንግዲህ ንብረትን በናቀ ሰው አምሳል የተቀረጸ መደብ፣ ንብረት የኃይል ሁሉ ምንጭ በሆነበት ዓለም ውስጥ ተጣለ።

ሰይፍ ያለው ተዋጊ ሰይፉን በአስማት ለማጠንከር ለመጀመሪያው እርከን 2,000 የወርቅ ሳንቲም ይከፍላል። መነኩሴው ቡጢውን ለማጠንከር የሚያስችለው የአንገት ክታብ ለዚሁ እርከን 6,000 ይጠየቅበታል። በአምስተኛው እርከን ሰይፉ 50,000፣ ክታቡ 150,000 ነው። ልዩነቱ እስከ መጨረሻው ሦስት እጥፍ ሆኖ ይዘልቃል። ክታቡ የተተመነው ብዙ ጥርስና ብዙ ጥፍር ላላቸው አውሬዎችም ስለሚያገለግል ነው የሚል ምክንያት ይቀርባል፤ ምክንያቱ ለአውሬው ይሠራ ይሆናል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ቡጢ እንጂ ጥፍር የሌለው መነኩሴ ነው። የታጠቀው በአንድ የሚገዛውን ያልታጠቀው በሦስት ይገዛል። በደሃ ላይ የሚጣል ቅጣት በምናብ ዓለምም እንዲህ ይጻፋል።

በዚያው በ2003 የወጣ «ቡክ ኦቭ ኤክዛልትድ ዲድስ» የተሰኘ ተጨማሪ መጽሐፍ ይህን ለማረም የሞከረ መሰለ። የድህነት ስእለት የተሳለ ገጸ ባሕርይ አስማታዊ ዕቃ አይይዝም፤ ከምርኮው የሚደርሰውን ድርሻ ለድሆች ይሰጣል፤ በምላሹ መከላከያውና ችሎታዎቹ በየደረጃው ይጨምራሉ። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ለመነኩሴው የተቆረጠ ልብስ ይመስል ነበር። ነገር ግን ሌሎቹ በገንዘባቸው ከሚገዙት ዋነኛ ነገር አንዱ መብረር ነው፤ ስእለቱ ደግሞ ክንፍ አይሰጥም። ከላይ እያንዣበበ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ሲመጣ፣ ስእለቱን የጠበቀው መነኩሴ ከሁሉ በፈጠነ እግሩ መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእርሱ ሳይሆን አይቀርም።

የተሟጋቾች መልስና መልሱ

ይህን ሁሉ የሰሙ የመደቡ ጠበቆች ሦስት መልስ አላቸው። ሦስቱም በአክብሮት ሊደመጡ ይገባል፤ ሦስቱም ግን አይጸኑም።

የመጀመሪያው መልስ መነኩሴው የአስማተኞች መቅሠፍት ነው የሚል ነው። ፈጣን ነው፤ ድግምትን ይቋቋማል፤ ስለዚህ የጠላትን አስማተኛ ከኋላው ደርሶ ያጠፋዋል ይላሉ። መድረሱን ማንም አይክድም። ከደረሰ በኋላ ግን አንድ ጊዜ ይመታል፤ በማግሥቱ ተራ አስማተኛው ይበርራል ወይም ይሰወራል። ደግሞም ይህ ሙያ የሚያስፈልገው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በንጉሥ አደባባይ ሳይታጠቅ ገብቶ መዋጋት የሚችለው እርሱ ብቻ ነው የሚለውም እንዲሁ ነው። ጸሐፊዎቹ በዓመት አንድ ቀን የሚገጥመውን ጥቅም የየቀኑ አድርገው ተመኑትና ሂሳቡን ከየቀኑ ኃይሉ ቀነሱ። የሚዛኑ ስሕተት ከሥሩ ሲመረመር ይኸው ነው።

ሁለተኛው መልስ ጨዋታው ትረካ ነው፤ ቁጥር መቁጠር ነጋዴነት ነው የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የጠነከረውን መደብ የያዙት ናቸው። ትረካ የሚጻፈው በቃል ብቻ አይደለም፤ በዳይስም ነው። አንድ ተጫዋች ገጸ ባሕርይው እንደ ነፋስ የሚፈጥን፣ እንደ መብረቅ የሚመታ ነው ብሎ ቢተርክና በየተራው ዳይሱ ስተሃል ቢለው፣ ትረካውን ያፈረሰው ደንቡ ነው። በወረቀት ላይ ጀግና፣ በጠረጴዛው ላይ ተመልካች የሆነ ሰው ታሪኩ የሌሎች እንጂ የእርሱ አይደለም።

ሦስተኛው መልስ ጥሩ የጨዋታ መሪ ጉድለቱን ይሸፍነዋል የሚል ነው። ይሸፍነዋል፤ መልካም መሪ ለመነኩሴው የሚሆን ጠላት ያዘጋጃል፤ ለእርሱ የሚስማማ ዕቃ በዋሻው ያስቀምጣል። ይህ ግን ለመሪው ምስጋና እንጂ ለደንቡ ምስክር አይሆንም። ጎረቤት ጎዶሎ ቁና የሚሰፍርን ነጋዴ እየተከታተለ ከራሱ ጎተራ ቢሞላ፣ ቸርነቱ ይወደሳል፤ ቁናው ግን ጎዶሎ መሆኑ አይቀርም። መጽሐፉን የገዛ ሰው የከፈለው ለሞላ ቁና ነው።

የተስተካከለው እና የዘገየው

ችግሩ የማይፈታ አልነበረም። በ2010 የአራተኛው እትም ሦስተኛ የተጫዋቾች መጽሐፍ መነኩሴውን ሲያመጣ የጥንቱን ቋጠሮ በአንድ ሐሳብ ፈታው፤ እያንዳንዱ ዋነኛ ስልቱ አንድ የማጥቂያና አንድ የመንቀሳቀሻ ክፍል በአንድነት እንዲይዝ ተደረገ። እግርና እጅ ታረቁ። የሦስተኛው እትም ወራሽ የሆነው «ፓዝፋይንደር» ደግሞ በ2009 በውርጅብኙ ጊዜ ብቻ የመነኩሴውን የማጥቃት ብቃት ከተዋጊ ጋር አስተካከለ፤ ይህ እንዳልበቃ በ2015 በወጣ ሌላ መጽሐፍ ሙሉ የማጥቃት ብቃትና ባለአሥር ገጽ የሕይወት ዳይስ ሰጠው፤ በ2019 በሁለተኛው እትሙ ከሦስቱ የተራ ድርጊቶች በአንዱ ብቻ ሁለት ጊዜ መምታት እንዲችል ፈቀደለት። በቀሩት ሁለት ድርጊቶች ይሮጣል፤ ይመለሳል። ከአርባ ዓመት በላይ የፈጀው ነገር በአንድ አንቀጽ ተፈጸመ።

ዋናው ጨዋታ ግን በ2014 አምስተኛውን እትም ሲያወጣ አሮጌውን ዕዳ በአዲስ ስም አስቀጠለው። የዕዳው ስም «ኪ» ነበር። መነኩሴው በደረጃው ልክ የኪ ነጥብ ይኖረዋል፤ አጭር ዕረፍት ሲያደርግ ይመለስለታል። ውርጅብኝ አንድ ኪ፤ ራስን መከላከል አንድ ኪ፤ አፈግፍጎ መሮጥ አንድ ኪ፤ ጠላትን ማደንዘዝ በየምቱ አንድ ኪ። አምስተኛ ደረጃ የደረሰ መነኩሴ አምስት ኪ አለው። በአንድ ተራ ውርጅብኙን ቢያወርድና አራቱንም ምቶቹን ለማደንዘዣ ቢያውል፣ አምስቱም አለቁ፤ ውጊያው ገና አንደኛው ዙር ላይ ነው። ሌባው ግን ያንኑ ማፈግፈግና መሮጥ ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሮ ያለ ክፍያ ያደርገዋል። የአራቱ ባሕርያትን መንገድ የመረጠ መነኩሴ ደግሞ የእሳት ኳስ ለመወርወር አሥራ አንደኛ ደረጃ ድረስ ጠብቆ አራት ኪ ይከፍላል፤ አስማተኛው በአምስተኛው ደረጃ ይወረውረዋል።

የማደንዘዣው ምት ለብቻው አንድ ቃል ይገባዋል፤ ጠላትንም ወዳጅንም ያስመረረ እርሱ ነውና። ከተሳካ ትልቁን ጭራቅ ተራ ያሳጣዋል፤ ጨዋታ መሪው ለሳምንት ያዘጋጀው ፍልሚያ በአንድ ዕጣ ያበቃል። ካልተሳካ ደግሞ ኪው እንዲሁ ባክኖ ይቀራል፤ ግዙፍ ጭራቆች ደግሞ በብዛት ጽናታቸው የበረታ ነው። የመደቡ ሚዛን በሙሉ በዚህ አንድ ምት ላይ ስለተንጠለጠለ መነኩሴው ወይ ከልክ በላይ ነበር፣ ወይ ከልክ በታች ነበር፤ ልኩን ሆኖ አያውቅም። የሚዛን ምላስ ከዳር ዳር መወዛወዟ መካከሉን አገኘች አያሰኝም።

በ2024 የወጣው አዲሱ የተጫዋቾች መጽሐፍ በመጨረሻ እጁን ዘረጋ። ኪ የሚለው ስም ቀርቶ «የትኩረት ነጥብ» ሆነ፤ የቡጢው ዳይስ ከአራት ገጽ መጀመሩ ቀርቶ ከስድስት ገጽ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ገጽ የሚያድግ ሆነ፤ ማፈግፈግና መሮጥ ያለ ክፍያ ተፈቀደለት፤ ክፍያው ለተጨማሪ ጥቅም ብቻ ሆነ። የማደንዘዣው ምት በተራ አንድ ጊዜ ተወሰነ፤ ጠላት ቢቋቋመው እንኳ ፍጥነቱ በግማሽ ስለሚቀነስና ለሚቀጥለው ምት ስለሚጋለጥ ነጥቡ ባዶ አይቀርም። ኃያሉ ምት ሲገታ የየቀኑ ኃይል ተጨመረ። ይህ ማስተካከያ የሚያሳየው ቁልፍ ነገር፣ ሚዛን የመጣው አንድ ታላቅ ስጦታ በመጨመር ሳይሆን ቀረጡን በማንሣት መሆኑን ነው።

የሞላ ቁናና የፈሰሰ ቁና

መነኩሴው ተበድሏልና ያለ ልክ ይሞላለት ማለትም ስሕተት ነው። ለዚህ ምስክሩ በ2023 የቤልጂጉ ላሪያን ስቱዲዮስ ያወጣው «ባልዱርስ ጌት 3» የተሰኘው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ የተሠራው በ2014ቱ ደንብ መሠረት ነው፤ ነገር ግን «የመጠጥ ቤት ተደባዳቢ» የተሰኘውን አንድ ችሎታ ለወጠና የጉልበት ጭማሪ በባዶ እጅ ምት ላይ ሁለት ጊዜ እንዲቆጠር አደረገ። ጉልበት የሚጨምር መጠጥ የጠጣ መነኩሴ በአንድ ተራ በሚያወርደው ውርጅብኝ የታሪኩን ታላላቅ ጠላቶች ሳይንቀሳቀሱ ይጥላቸዋል። በወረቀት ሲለምን የኖረው በኮምፒውተር ንጉሥ ሆነ። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ይህ ያስደስት ይሆናል፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጡ ወዳጆች ግን ተመልካች የሚሆነው ሰው ተለወጠ እንጂ ተመልካችነት አልቀረም። ትናንት መነኩሴው ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ዛሬ ተዋጊው ዝም ብሎ ይቀመጣል። የፈሰሰ ቁናም እንደ ጎደለው ሁሉ ሐሰተኛ ነው።

እንግዲህ መለኪያው ምን ይሁን? መደቦች ሁሉ እኩል ይምቱ ማለት አይደለም፤ እንዲያማ ቢሆን መደብ ባላስፈለገ ነበር። መለኪያው ቃል ነው። መጽሐፉ ስለ አንድ መደብ በመጀመሪያው አንቀጽ የሚናገረውን ቃል፣ ተጫዋቹ ያንን ቃል አምኖ መደቡን መርጧልና፣ በሚከተሉት ሰንጠረዦች ሊፈጽመው ይገባል። ፈጣን ነው ካለ በፍጥነቱ ይጠቀም፤ እየሮጠ ይምታ። ንብረት አይሻም ካለ ንብረት በማጣቱ አይቀጣ። አካሉን መሣሪያ አድርጓል ካለ አካሉን ለማሳል ከሰይፍ ሦስት እጥፍ አይጠየቅ። ከዚህ ያለፈ ሁሉ የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ይህ ግን የቃል ጉዳይ ነው።

ለምን ይህን ያህል ሙግት ለጨዋታ ይባል ይሆናል። በገበጣ ጎን ያደገ ሰው ግን አይጠይቅም። በጠረጴዛው ላይ የሚጎድለው የዳይስ ቁጥር ነው፤ ከጠረጴዛው የሚጎድለው ግን ሰው ነው። ከአምስት ወዳጆች አንዱ በየሳምንቱ ተራው ሲደርስ ስቶ፣ ተራው ሲያልፍ ዝም ብሎ፣ ሌሎቹ ሲሳሳቁ ወረቀቱን እያየ ይቆያል። ማንም አልበደለው፤ ማንም አላስቀየመው፤ ያመነው መጽሐፍ ብቻ ነው ያታለለው። ከዚያ አንድ ቀን ሥራ በዛብኝ ይላል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሳይነግር ይቀራል። የተቀሩት ለጨዋታ ፍላጎት የለውም ብለው ያሙታል። ፍላጎት ግን ነበረው፤ የጎደለው ጠጠር ነበር። በየጉድጓዱ ያለውን ጠጠር ሳይቆጥር ጨዋታ የጀመረ ሰው፣ ጓደኛው ለምን ተነሥቶ እንደሄደ ሊገባው አይችልም።